ጋሽ ይድነቃቸው፦ ከተማሪ ቡድን እስከ ካፍ ወንበር

በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ዕለት ያረፉ ሰው ናቸው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም ጅማ ላይ ተወለዱ፤ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም ደግሞ ይህችን ዓለም ተሰናበቱ። በሁለቱ በዓላት መሀል ያለው 65 ዓመት ከሞላ ጎደል ኳስ ነው። ተጫዋች፣ አምበል፣ አሰልጣኝ፣ ፌዴሬሽን አቋቋሚ፣ የካፍ ፕሬዚዳንት፣ የፊፋ ሥራ አስፈፃሚ፣ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፤ ይህ ሁሉ የአንድ ሰው የሥራ ዝርዝር ነው ሲባል ለዛሬ ልጅ ተረት ሊመስለው ይችላል። ይድነቃቸው ተሰማ ግን ተረት አይደሉም።

እስቲ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ዲኤስቲቪ ከሚያሳዩት ቤቶች አንዱ ውስጥ ግቡ። የአርሰናልንና የማንቸስተርን የ20 ዓመት ታሪክ ከነዝውውር ሒሳቡ የሚዘረዝርላችሁ ልጅ አታጡም። የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች አንዷ ኢትዮጵያ እንደነበረች፣ ውድድሩን ካዋለዱት ሰዎች መሀልም አንድ የሳንጆርጅ አጥቂ እንደነበረበት ብትነግሩት ግን ዞር ብሎ ያያችኋል። ልጁ ላይ አይፈረድም፤ ማን ነገረውና! ስለዚህ ዛሬ እኛ እንንገረው።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የሙዚቃ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። እ.ኤ.አ በ1908 ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በአማርኛ ዘፈን ታሪክ የመጀመሪያው ሰው ተብለው የሚጠሩ፣ በቅኔያቸውና በለዛቸው የተፈሩ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክና በልጅ ኢያሱ ዘመን ከቤተ መንግሥቱ የማይጠፉ ባለሟል ነበሩ። ልጅየው ማሲንቆውን አልወረሱም። ምላሱን ግን ሳይወርሱ አልቀሩም። በኋላ ዘመን በፊፋ ጉባኤዎች ላይ እነ ሰር ስታንሊ ራውስን ያስጨነቀው አንደበት ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ፣ አንዱ መልስ ነጋድራስ ተሰማ ቤት ነው።

ሌላው መልስ ትምህርት ቤቱ ነው። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በሚያዝያ 1917 ዓ.ም ሲከፈት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ በጊዜው ዘመናዊ የሚባል ቤት ነበር። ዛሬ እንጦጦ ቴክኒክና ሙያ የምንለው ግቢ ማለት ነው፤ ከስድስት ኪሎ ከፍ ብሎ። ከእሱ በፊት ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አለ። የኢትዮጵያውያን ልጆች እግር ኳስ የተወለደው እነዚህን በመሳሰሉ ግቢዎች ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በከተማው ኳስ ይጫወቱ የነበሩት በብዛት የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣሊያኖች። አበሻው ቆሞ ያያል። ተማሪው ግን ቆሞ ማየት አልበቃውም። ከክፍል ሲወጣ ያየውን ይሞክራል፣ በባዶ እግሩ ይለጋል፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ጋር ይፎካከራል።

አዲስ አበባ ያኔ ትንሽ ነበረች። የዛሬዎቹ ሲኤምሲ፣ ገርጂና ሳሊተ ምሕረት እርሻና የከብት መሰማሪያ ነበሩ። ከተማ ማለት አራዳ፣ ጉለሌ፣ ስድስት ኪሎ፣ ቀበና፣ ውቤ በረሃ ነው። ቡድንም የሚሰበሰበው በሰፈር ነው። የአራዳ ልጅ ከአራዳ፣ የጉለሌ ልጅ ከጉለሌ።

ነገሩ እንዲህ እያለ 1928 ዓ.ም ገባ። መስከረም ላይ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። አባቶች ወደ ሰሜን ዘመቱ። አዲስ አበባ የወሬና የስጋት ከተማ ሆነች። ልብ በሉ፣ የአራዳ ተማሪዎች ቡድን ያቋቋሙት በዚያ ሰዓት ነው! ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም፣ ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ወር፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ስሙን የወሰዱት ከሰፈራቸው ደብር ከአራዳ ጊዮርጊስ ነው። ጊዮርጊስ ማለት ደግሞ በዚያ ዓመት ዝም ብሎ የደብር ስም አልነበረም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም አድዋ ላይ ጣሊያን ድል የተመታው በዕለተ ጊዮርጊስ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ያው ጠላት ተመልሶ ሲመጣ ልጆች ለኳስ ቡድናቸው ይህን ስም ሰጡት። እንግዲህ የፈለገ ሰው አጋጣሚ ነው ይበል።

የ14 ዓመቱ ይድነቃቸውም ከዚህ ቡድን ገቡ። ማልያውን ያወለቁት ከ23 ዓመት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው የውድድር ዘመን ብለን ብንጠራው የተማሪዎቹ ቡድን ዘመን አጭር ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ አምስት ወር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ልጆች ተበተኑ፣ አንዳንዱ አርበኛ ሆነ፣ አንዳንዱ ሞተ። ሌላ ቦታ ቢሆን የአንድ የተማሪ ቡድን ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

የአራዳው ቡድን ግን አልጠፋም፤ በግድ ስሙን ተቀየረ እንጂ። ጣሊያኖች ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለውን ስም አንስተው ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሉት። ሊቶሪዮ የፋሺስቶቹ ምልክት ከሆነው ጭራሮ ከታሰረበት መጥረቢያ የመጣ ቃል ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የዘር ሕጉ ነው። ነጭ ከጥቁር ጋር አብሮ መኖር፣ አብሮ መቀመጥ፣ አብሮ መጫወት አይችልም ተባለ። ጣሊያኖች ለብቻ፣ የአገሬው ልጆች ለብቻ። አሥራዎቹ ውስጥ ያለ፣ ኳስ ከምንም በላይ የሚወድ ልጅ በገዛ አገሩ ሜዳ ላይ ከዚህኛው ወገን ጋር መጫወት አትችልም ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት ከባድ አይደለም። ይህን ያዝ አድርጋችሁ አቆዩልኝ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ካርቱም ላይ እንመለስበታለን።

1933 ዓ.ም ነፃነት መጣ። ቡድኑ ስሙን አስመለሰ። አሁን ኳሱ ሌላ ትርጉም አገኘ። እ.ኤ.አ በ1944 በአገሪቱ የመጀመሪያው የሊግ ውድድር ሲካሄድ የተሳተፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ አምስቱም ከአዲስ አበባ። ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ ቢኤምኤምኢ ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። አምስተኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። አበሻን ወክሎ የሚጫወተው እሱ ብቻ ነበር። በገዛ ዋና ከተማችን ሊግ ውስጥ እኛ ከአምስት አንድ ነበርን ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ገዢ የነበረው ሕዝብ ቡድን ሲመጣ፣ ከዚያ ማዶ ደግሞ በዘር ሕግ የተለየው ልጅ ማልያውን ለብሶ ሲገባ የሜዳውን ሙቀት አስቡት። የዘንድሮ ደርቢ ደርቢ ነው እንዴ!

ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ሳንጆርጅ ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው እ.ኤ.አ በ1950 ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ደጋፊው ራሱ በቃሉ ይቆጥረዋልና እናልፈዋለን።

ይድነቃቸው በፈረሰኞቹ ማልያ 365 ጨዋታ አድርገው 318 ጎል አስቆጥረዋል። ደግማችሁ አንብቡት። በአሥር ጨዋታ ዘጠኝ ጎል ገደማ ማለት ነው። እርግጥ ነው ያኔ ተከላካዩም በረኛውም እንደ ዛሬው አልነበረም፣ አጥቂ የሚበዛበት አጨዋወት ነበር፣ ውጤቱም ሰፊ ነበር። ይሁንና 23 ዓመት ሙሉ በአንድ ክለብ፣ በአብዛኛው ደመወዝ የሚባል ነገር በሌለበት ዘመን፣ ሌላ ሥራ እየሠሩ ጎል ማምረት ቀልድ አይደለም። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ብሔራዊ ቡድናችን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ በ1940 ዓ.ም ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ ከዛሬዋ ጅቡቲ ጋር አድርጎ 5 ለ 0 አሸንፏል።

ሰውየው የሚገርሙት ግን ማልያ ለብሰው ሜዳ ላይ በነበሩበት ዓመታት ቢሮም ውስጥ መሆናቸው ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ በ1943 ሲቋቋም ከጠንሳሾቹ አንዱ ናቸው። የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ የመለሱትም እሳቸው ናቸው። ይህ ሥራ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ዳኛ የሚሆነው ሰው ሕጉን የሚያነብበት ቋንቋ ከሌለው ጨዋታ የለም፤ ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ በ1952 የፊፋ አባል ሆነ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1956 በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ስትሳተፍም የኦሊምፒክ ኮሚቴው ዋና ጸሐፊ ይድነቃቸው ነበሩ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ካርቱም እንሂድ።

እ.ኤ.አ በ1956 በሊዝበን የፊፋ ጉባኤ ላይ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተገናኝተው የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን እናቋቁም ተባባሉ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም (እ.ኤ.አ የካቲት 8 ቀን 1957) ካርቱም ላይ ካፍ ተመሠረተ። ኢትዮጵያ አራተኛዋ መሥራች አገር ሆነች። ከተወካዮቿ አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 35፣ ጫማቸውንም ገና አልሰቀሉም። የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው፣ በዚያው ሰሞን እንዲካሄድ ተወሰነ። አራት አገር፣ ሁለት ግማሽ ፍፃሜ፣ አንድ ፍፃሜ። በጣም ቀላል ፕሮግራም ነበር።

ችግሩ ደቡብ አፍሪካ ናት። የአፓርታይድ መንግሥት ድብልቅ ቡድን አይፈቅድም። የአገሪቱ ፌዴሬሽን ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ ልላክ አለ። ለሌላ ሰው ይህ የአሠራር ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ አንድ ቡድን ይምጣ፣ እንጫወት፣ በኋላ እንነጋገርበታለን ማለት ይቻል ነበር። ውድድሩ የመጀመሪያው ነው፣ አባላቱ አራት ብቻ ናቸው፣ አንዷ ከወጣች ግማሽ ፍፃሜው ይበላሻል። ግን ያዝ አድርጋችሁ አቆዩልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። በሊቶሪዮ ዘመን ለብቻህ ተጫወት የተባለው የአራዳ ልጅ አሁን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ግብፆቹም ሱዳኖቹም ቢሆኑ ቅኝ ግዛት ምን እንደሆነ የሚነገራቸው አልነበሩም። ሦስቱ አገሮች እምቢ አሉ። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ብዙም ሳይቆይ ከካፍም ተባረረች። በዓለም ስፖርት ውስጥ አፓርታይድን አናስተናግድም ብለው በሩን ከዘጉት የመጀመሪያዎቹ ድርጅቶች አንዱ ይህ ገና አንድ ሳምንት ያልሞላው፣ ሦስት አባል ብቻ የቀረው ካፍ ነበር።

ደቡብ አፍሪካ ስለወጣች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍፃሜ ገባች። እዚያ ግን ግብፅ ጠበቀቻት። ውጤቱ 4 ለ 0፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባለው አጥቂ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይም ያው ግብፅ፣ ያው 4 ለ 0። ሁለት ውድድር፣ ስምንት ጎል፣ እኛ ዜሮ። ለተበዳይ ሒሳብ አይጠፋበትምና ይድነቃቸው ይህን ሒሳብ መዝግበው ያዙት።

ሒሳቡ የተወራረደው ጥር 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ፤ አዘጋጇ ኢትዮጵያ፤ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ። ጥር 6 ቀን በግማሽ ፍፃሜው ቱኒዚያ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ 2 ለ 0 መራች። ስታዲየሙ ፀጥ አለ። ልጆቹ ግን ከዚያ ተነስተው አራት አገቡ። 4 ለ 2!

ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ጥር 13 ቀን፣ ጃንሆይ በተገኙበት ፍፃሜው ተካሄደ። ተጋጣሚዋ ግብፅ ናት፤ በጊዜው ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር። ባዳዊ አብደል ፈታህ በ35ኛው ደቂቃ አገባ። ኢትዮጵያ እስከ 74ኛው ደቂቃ ለመነች፣ ታገለች፣ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ተነስቶ ጨፍሮ ሳይቀመጥ በደቂቃ ልዩነት ባዳዊ ደገመ። እንደዚህ ዓይነት ጎል ቡድን ይገድላል። ይህን ቡድን ግን አልገደለም። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ አስመራ። መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ ጨረሰው። 4 ለ 2።

ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ቫሳሎዎች የአስመራ ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት። በጣሊያን የዘር ሕግ ዘመን እንደነሱ ያሉ ልጆች ከየትኛውም ወገን ያልሆኑ፣ በሁለቱም በኩል የሚገፉ ነበሩ። ያን ሕግ ቀምሶ ያደገው ሰው በሚያሠለጥነው ቡድን ውስጥ አምበሉ ሉቺያኖ ሆነና ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከአስመራም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከጣሊያን ደምም የተሠራ ቡድን የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ። እኔ የይድነቃቸውን የአሰልጣኝነት ሥራ ከታክቲኩ ይልቅ በዚህ እለካዋለሁ። ታክቲኩንማ ያዩት ሽማግሌዎች ይንገሩን።

ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አላነሳችም። ይድነቃቸው ግን ሌላ ግጥሚያ ጀመሩ፤ ከፊፋ ጋር።

ለ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ 16 ቦታ አዘጋጅቶ ለአፍሪካ ስንት ሰጠ? አንድም አልሰጠም። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያው አሸናፊ ጋር ተጫውቶ ካሸነፈ ይግባ አለ። ነገሩ ከግማሽ ቦታ አይበልጥም። በዚያ ላይ ፕሬዚዳንቱ ሰር ስታንሊ ራውስ እ.ኤ.አ በ1963 ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄደው ከተመለሱ በኋላ እገዳዋ ተነስቶ ነበር። እንደገና የታገደችው በሚቀጥለው ዓመት በቶኪዮው ጉባኤ በአፍሪካና በእስያ አገሮች ግፊት ነው። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ከፊት ሆነው አፍሪካ በሙሉ ከማጣሪያው ትውጣ አሉ። ወጣች። ኢትዮጵያን ጨምሮ 15 አገሮች አንጫወትም ብለው ቀሩ። ፊፋ ቀጣቸው። አልተመለሱም።

እስቲ ይህን ዛሬ አስቡት። አንድ የዓለም ዋንጫ ሙሉ ለሙሉ መተው! የንክሩማዋ ጋና በዚያን ጊዜ በተከታታይ ሁለት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች፤ የዚያ ትውልድ ተጫዋቾች የዓለም ዋንጫን ሳያዩ ጫማ ሰቀሉ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ የከፈሉት ደግሞ ተጫዋቾቹ ናቸው እንጂ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት አይደሉም። ውጤቱ ግን መጣ። ለ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ሙሉ ቦታ አገኘችና ሞሮኮ ገባች።

ይድነቃቸው ከ1966 ጀምሮ የፊፋ ሥራ አስፈፃሚ አባል ነበሩ፤ እ.ኤ.አ በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ፤ በ1972 ደግሞ የካፍ ፕሬዚዳንትነቱን ከሱዳኑ ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ተረከቡ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ለ15 ዓመት መሩት። በ1974 ፍራንክፈርት ላይ ራውስን የጣለው ብራዚላዊው ዣዎ ሃቬላንጅ ያለ አፍሪካ ድምፅ አይሆንለትም ነበር። አፍሪካም በነፃ አልሰጠችውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። በ1977 የመጀመሪያው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ቱኒዚያ ላይ ተዘጋጀ። በ1978 ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸንፋ በዓለም ዋንጫ ጨዋታ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊ አገር ሆነች። በ1982 የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ።

አገር ቤት በዚህ መሀል ብዙ ነገር ተገልብጧል። ንጉሡ ወርደው ደርግ መጥቷል። የ1976ቱን የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሲያዘጋጁ የካፍ ፕሬዚዳንቱ የአገር ልጅ ናቸው፣ ብሔራዊ ቡድኑ ግን ከምድቡ አላለፈም። ዋንጫውን ሞሮኮ ይዛ ሄደች።

ሰውየው ፍፁም ነበሩ ልላችሁ አልፈልግም። የድሮ ሰው ነበሩ። እግር ኳስን የሚያዩት በአማተር ዓይን ነው፤ ገንዘብ ሲጠጋው ይጎመዝዛቸዋል። የሲጋራና የመጠጥ ማስታወቂያ በካፍ ውድድሮች ላይ እንዳይገባ አጥብቀው ታግለዋል። በዚህ ብዙዎቻችን እንስማማለን። በሌላው ግን ክርክር አለ። የአፍሪካ ተጫዋች ወደ አውሮፓ መጉረፉን አይወዱትም ነበር። በካፍ ደንብ ደግሞ እስከ 1982 አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ማሰለፍ የሚችለው ውጭ የሚጫወቱ ሁለት ልጆችን ብቻ ነበር። ሐሳቡ ይገባኛል፤ የአገር ውስጥ ሊግ እንዳይራቆት፣ አፍሪካ ጥሬ ዕቃ ላኪ ብቻ እንዳትሆን ነው። ግን ፈረንሳይ ወይም ቤልጅየም ሄዶ የተሻለ እንጀራ ያገኘ ልጅ ለአገሩ እንዳይጫወት መከልከል ምን ጥፋቱ ሆኖ ነው? ደንቡ መነሳቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። በአንፃሩ ዛሬ የአፍሪካ ሊጎች ስታዲየም ባዶውን ሆኖ፣ ልጁ ሁሉ የአውሮፓ ጨዋታ ላይ አፍጦ ሲታይ ሽማግሌው የፈሩት ነገር ከንቱ ፍርሃት እንዳልነበርም ይገባችኋል።

ካንሰር ነው የጣላቸው። በእሳቸው ፕሬዚዳንትነት የተካሄደው የመጨረሻው የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ የ1986ቱ ነው፤ ካይሮ ላይ ግብፅ ካሜሩንን በፍፁም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸነፈች። በዚያው ዓመት ክረምት ሞሮኮ ሜክሲኮ ላይ እንግሊዝ፣ ፖላንድና ፖርቹጋል ካሉበት ምድብ አንደኛ ሆና አለፈች። ከምድብ ያለፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊ ቡድን ናት። ከ20 ዓመት በፊት ሙሉ ቦታ አይገባችሁም የተባለችው አህጉር ማለት ነው። ይህን አይተው፣ በሚቀጥለው ዓመት ቡሄ ዕለት አረፉ። ወንበራቸውን በ1988 የያዙት ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ እስከ 2017 አልተነሱበትም።

ደቡብ አፍሪካ ወደ ካፍና ወደ ፊፋ የተመለሰችው አፓርታይድ መፍረስ ሲጀምር በ1992 ነው። በ1996 ጥቁርና ነጭ በአንድ ማልያ አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳች፤ በ2010 የዓለም ዋንጫን አዘጋጀች።

የእኛ ቡድን ደግሞ ከ1982ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፋ። የተመለሰው በሰውነት ቢሻው አሰልጣኝነት በ2005 ዓ.ም ሲሆን አዘጋጇ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የመጀመሪያ ጨዋታው ኔልስፕሩይት ከተማ ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ነበር። ቀኑ ጥር 13፤ ያው 4 ለ 2 የተባለበት ቀን፣ ልክ በ51ኛ ዓመቱ። ሳላዲን ሰኢድ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ ዛምቢያ ከዕረፍት በፊት አገባች። በአሥር ልጅ እየተጫወትን በ65ኛው ደቂቃ አቻ ያደረገችንን ጎል ያስቆጠረው አዳነ ግርማ ነው። የሳንጆርጅ ልጅ።